ፀሐይ የደበቀችው እጅ

ሂልካ ኬርቪነን ቂም መያዝ የምታውቅ ሴት ነበረች። የሷ ቂም የሚጮህ፣ ሰሃን የሚሰብር፣ ጎረቤት ገብቶ የሚያስታርቀው ዓይነት አይደለም። አጣጥፋ፣ ከክረምት ካልሲዎቿ ጋር መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጠው ዓይነት ነው። በያርኮ ላይ የያዘችውን አስራ አንድ ዓመት አስቀመጠችው፤ አንድም ቀን ግን አልረሳችውም።

ነገሩ የተጀመረው ኦሉ በምትባል የሰሜን ከተማ፣ እሷ ትሠራበት በነበረ ሴንሰር የሚያመርት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ሴንሰሯ ጥፍር የምታክል ነገር ናት። ዓይን የማያየው ብርሃን ትረጫለች። እጅ ሲቀርባት ብርሃኑ ነጥሮ ይመለስላታል፤ ያኔ «የቀረበ ነገር አለ» ትላለች፣ የተገጠመችበት ማሽንም ይቆማል። ችግሩ ያንን ብርሃን የምትረጨው እሷ ብቻ አለመሆኗ ነው። አምፖልም ይረጫል፤ ፀሐይንማ ተዉት። መስኮት አጠገብ ያስቀመጧት ቀን ግራ ይገባትና በሌለ እጅ ትጮሃለች። ጥቁር ማጣሪያ መስታወት አለበሷት። መስታወቱ ለዓይን የሚታየውን ብርሃን አስቀረላት እንጂ ከፀሐይ የሚመጣውን የማይታየውን አላስቀረም። የክፍሉ ኃላፊ ያርኮ ስድስት ወር ሙሉ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

መፍትሔው ለሂልካ የመጣላት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ቀይ የጫካ ፍሬ የሚሸጥላት ሽማግሌ ባልዲዋን ተቀበላትና መጀመሪያ ባዶውን መዘነ። ከዚያ ከነፍሬው መዘነና ቀነሰ። ሂልካ ባልዲዋን ይዛ እዚያው ቆማ ቀረች። ሴንሰሯስ ለምን እንዲህ አታደርግም? ብርሃኗን አጥፍታ ትለካ፤ ያን ጊዜ የሚገባላት የሌላው ብርሃን ብቻ ነው፤ እሱ ባዶው ባልዲ ነው። ቀጥላ አብርታ ትለካና የመጀመሪያውን ትቀንስ። የሚተርፈው የራሷ ብርሃን ብቻ ነው። ይህን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ብትደጋግመው አምፖሉም ፀሐይዋም አያደናግሯትም። ሽማግሌው «ልጄ፣ ሒሳቡ ተሳሳተ እንዴ?» ብሎ ነው ያነቃት።

ሰኞ በቡና ሰዓት ለያርኮ ነገረችው። ያርኮ ቡናውን እያማሰለ ሰማትና «እም» አለ። በነሱ አገር «እም» ብዙ ነገር ማለት ነው፤ እሷ «ጥሩ ነው» ያለ መሰላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልቁ ስብሰባ ላይ ያርኮ ተነሥቶ ያንኑ ነገር በራሱ ስም አቀረበው። ባልዲውን እንኳ አልተወላትም፤ «ባልዲውን በባዶው እንመዝናለን» ሲል ሰዎቹ ሳቁለት። ሲጨርስ «አስተያየት ያለው አለ?» አለ። ከተቀመጡት ስምንት ሰዎች ሦስቱ በዚያ ሰኞ እዚያው የቡና ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሦስቱም ቀና ሳይሉ ሄል የገባበትን ዳቧቸውን ማየት ያዙ። እዚያ አገር ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው። ሂልካም ዝም አለች። ከገና በፊት «ሥራ ቀንሷል» ተብሎ ሰው ሲቀነስ ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የሷ ነበር።

ያርኮ ግን የሰረቀው ግማሹን ነው። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሰኞ፣ ጥቅምት 14፣ ሂልካ ሥራ ላይ የምትጽፍበትን ባለ ካሬ ደብተር ከፍታ አንድ ጥያቄ ጽፋ ነበር። ባልዲው መጀመሪያውኑ በውሃ ጢም ብሎ ከሆነስ? የሞላ ባልዲ ውስጥ ፍሬ ብትጨምር ያው ይፈሳል። ሁለተኛው ሚዛን ከመጀመሪያው እኩል ይወጣል፤ ሲቀነስ ዜሮ። ፀሐይ በቀጥታ የገባችባት ሴንሰርም እንዲሁ ናት። አጥፍታ ስትለካ ሞልታለች፤ አብርታ ስትለካም ያው ሞልታለች፤ ስትቀንስ ዜሮ። ዜሮ ማለት ደግሞ ለመቁረጫ ማሽን «እጅ የለም፣ ቁረጥ» ማለት ነው። ከሥሩ መድኃኒቱንም ጻፈች፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ልክ አፉ ድረስ ከሞላ፣ ሴንሰሯ «የለም» አትበል፤ «አላይም» ትበልና ማሽኑን ታቁም። ይህን ለያርኮ ልትነግረው ሥዕል እየሣለች ሳለ ነው ያ ስብሰባ የመጣው። ደብተሩን ዘጋችው።

ያርኮ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ድርጅት ከፈተና በዚያው ሐሳብ «እጅ ጠባቂ» የሚባል ዕቃ ለእንጨት ፋብሪካዎች መሸጥ ጀመረ። ጋዜጣ ላይ ባዶ እጁን ከስለት ሥር ዘርግቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ወጣ። ዕቃውን ለማሳየት በሄደበት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የራሱን እጅ ያስገባል። ሂልካ ፎቶውን ቆርጣ ደብተሩ ውስጥ ከተተችው። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ልትጽፍለት ተቀምጣ «ውድ ያርኮ» ብላ ጀመረች። «ውድ» የሚለውን ቃል አይታ ቀደደችው። ራሱ ያግኘው አለች፤ የሰረቀ ሰው የሰረቀውን ነገር ጠንቅቆ ይወቅ።

ሰው ሊጎዳ እንደሚችል አላሰበችም ማለት ውሸት ነው። አስባዋለች። ግን ፋብሪካ ጣሪያ አለው፤ መስኮቱ አቧራ የጠገበ ነው፤ ፀሐይ ስለቱ ድረስ የምትገባው የት አገር ነው እያለች ሐሳቡን ታስተኛው ነበር። ስታልም የምታየው እጅ አይደለም። የምታየው የያርኮን ፊት ነው። በሰው ፊት ማሽኑ ጉድ ሲሠራው፣ ለምን እንደሆነ ጠፍቶት አፉን ሲይዝ፣ ያኔ እሷ ደብተሩን ዘርግታ ግማሹን እንደሰረቀና ሙሉው የማን እንደነበር ስትነግረው። ስሟ እንዲመለስላት ትፈልጋለች፤ ሲመለስላትም ያርኮ እያየ እንዲሆን ትፈልጋለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ከሥራ ከወጣች በኋላ የማሽን ደኅንነት የሚመረምር ድርጅት ቀጥሯት ነበር። ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ሳቮ በሚባል ክፍለ አገር ሐይቅ ዳር ካለ የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ፋብሪካው ለአስራ ሁለት መቁረጫዎቹ ያረጁትን እጅ ጠባቂዎች ጥሎ አዲስ ሊገዛ ነው፤ ከመግዛቱ በፊት መርማሪ ይይልን ይላል። የሻጩን ስም ስታነብ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ያረጁት የማን ሥሪት እንደሆኑ ወረቀቱ አይልም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ያርኮ ምርመራው ጥር ላይ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ጥር ማለት እዚያ ፀሐይ ፊርማ ፈርማ የምትመለስበት ወር ነው። ሂልካ «ጊዜ የለኝም» ብላ ወደ መጋቢት ገፋችው። ከዚያ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለሲርፓ ደወለች።

«ያ ትልቁ በራችሁ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ሐይቁ ነዋ፤ ደቡብ ምዕራብ» አለች ሲርፓ። «በሥራ ሰዓት ይዘጋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ይዘጋል?»

ሲርፓ ሳቀች። «አንቺ ሰው፣ በመጋቢት? ከጥቅምት ጀምሮ ጨለማ ሲግጥ የከረመ ሰው ላይ በር ልዝጋበት? ከስምንት ሰዓት ቡና ጀምሮ ወለል ብሎ ይከፈታል። እኔም አብሬ ግድግዳውን ተደግፌ እሞቃለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ፀሐይዋ ማሽኖቹ ድረስ ትገባለች?»

«አራተኛው ድረስ። ቴርሆ ኮፍያውን አፍንጫው ላይ ደፍቶ ነው የሚሠራው።»

ሂልካ አመሰገነችና ስልኩን ዘጋች። የሴንሰሯ ፈተና ሁሉ፣ የፋብሪካውም የያርኮም፣ በደንቡ መሠረት በሩ ተዘግቶ እንደተደረገ ገባት። ደንቡን ሁሉም ያከብራል፤ መጋቢት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም በሩን ይከፍታል። መከፈቱን ግን ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው የለም። የምርመራውን ቀጠሮ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አደረገችው። ቀኑ ሲደርስ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መንገድ ላይ ቆማ ደግሞ አንድ ወፍራም ቋሊማ ገዛች።

ያርኮ በሩ ላይ ጠበቃት። ጸጉሩ ሳስቷል፤ ኮቱ ግን አምሮበታል። እቅፍ አደረጋት፤ ማቀፍ የለመደው ውጭ አገር ሲመላለስ ነው እንጂ የአገሩ ልማድ አይደለም። ሂልካ እንደ እንጨት ቆመችለት።

«ሂልካ! አንቺ አሁንም አለሽ?»

«አለሁ።»

«ያን ጊዜ እኮ እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ስንት ነገር አብረን ሠራን!»

«አብረን» አለች ሂልካ። ፈገግ አለች።

እስከ ምሳ ሁሉም ነገር ያርኮ እንዳለው ሆነ። አራተኛው መቁረጫ ላይ አዲሱ እጅ ጠባቂ ተገጥሟል። መቁረጫው በርች ከሚባለው ባለ ነጭ ግንድ ዛፍ የተላጠውን ስስ ንብርብር ጠርዝ ጠርዙን የሚከረክም ነው፤ ስለቱ ክንድ ያህል ይረዝማል። ያርኮ ባዶ እጁን አርባ ጊዜ ሰደደ፤ አርባ ጊዜም ስለቱ አየር ላይ ቀጥ አለ። ሂልካ የጣሪያውን መብራት በሙሉ አስበራች፤ ቆመ። ትልቅ የእጅ ባትሪ አበራችበት፤ ቆመ። ሠራተኞቹ ከበው ያያሉ። መቁረጫውን የሚያንቀሳቅሰው ቴርሆ ሃምሳን ያለፈ፣ ረጅም፣ ወሬ የማያልቅበት የሳቮ ሰው ነው። ቀኝ እጁን ከቱታው ኪስ ሳያወጣ በግራው ብቻ ቁልፍ ይጫናል።

«ጌታው፣ ያቺን እጅህን እዚያው ተዋት፤ ለምሳ እንቀቅላታለን» ይላል።

«አትልፋ፣ አትቆረጥም» ይላል ያርኮ እየሳቀ። «በራሴ እጅ የማላምነውን ዕቃ አልሸጥም።»

«እሱስ ልክ ነህ። በሰው እጅ ማመን ይቀላል» አለ ቴርሆ። ሁሉም ሳቀ፤ ያርኮም ሳቀ።

ስምንት ሰዓት ሲሞላ ደወሉ ተደወለና ትልቁ በር በሐዲዱ እየጮኸ ተከፈተ። ብርሃኑ ገባ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ ሐይቁ ከነበረዶው ነጭ ነው። ሠራተኞቹ የቡና ሲኒያቸውን ይዘው በውጭው ግድግዳ ተደረደሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ሰጧት። ሲርፓም ከመሃላቸው ነበረች። ያርኮ ብቻ ሰዓቱን ያያል።

«ይሄ በር ሊዘጋ አይገባም?» አለ።

«መዝጋት የፈለገ ሞክሮ ይየው» አለ ቴርሆ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ቡናው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩ ክፍት ቀረ። ፀሐይዋ በወለሉ ላይ ሄዳ አራተኛው መቁረጫ ላይ ወጥታለች፤ ስለቱ ያበራል። ሂልካ ወደ ማሽኑ ቀረበች።

«አንድ ጊዜ እንድገመው» አለች። «በሩ እንዳለ።»

«ደስ እንዳለሽ» አለ ያርኮ። እጅጌውን ሰበሰበ። ማሽኑ ተነሣ። ሂልካ ነጩን የእጁን አንጓ፣ የሰዓቱን ምልክት አየች። መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብላ እጁ ወደ ስለቱ ሲሄድ አየችው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላለመችውን ነገር በዚያች አንዲት ትንፋሽ ፈለገችው። ከዚያ ክንዱን ለቀም አድርጋ ያዘችው።

«በእጅህ አይደለም። በዚህ ነው።» ቋሊማውን አወጣች።

ፋብሪካው በሳቅ ተሞላ። አንዱ «ሰናፍጭ አምጡ!» አለ። ያርኮ ቀላ።

«ሂልካ፣ ይሄ ቀልድ ነው። አስራ አንድ ዓመት በእጄ ነው የማሳየው።»

«እንግዲያው በቋሊማ ብታሳየን ምን ይጎድልብሃል?»

ቋሊማውን ቁራጭ እንጨት ጫፍ ላይ በገመድ አሰረችና ወደ ስለቱ ሰደደችው። ስለቱ አልቆመም። ወረደ፤ ቋሊማው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ከኋላ ያሉት ገና እየሳቁ ነበር። ሂልካ የቀረውን ግማሽ ሰደደች፤ ስለቱ ወረደ። «በሩን ዝጉት» አለች፤ ዘጉት። ሰደደች፤ ስለቱ አየር ላይ ቀጥ አለ። «ክፈቱት።» ከፈቱት። ስለቱ ወረደ። አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ያርኮ ሴንሰሯን ነካካ፤ በመሐረቡ ጠረጋት፤ ሽቦውን አየ። ያ ፊት ይህ ነው። ሂልካ ቀና ብላ እስክትጠግብ አየችው። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም።

«ይቺ አንዷ ተበላሽታ ነው» አለ በመጨረሻ። «አቧራ ይሆናል። ሌላ እልካለሁ።»

ሲርፓ ተነፈሰች። «አንዷ ከሆነች ትቀየር። ለሌሎቹ እንፈርም?»

«ቆይ እስቲ» አለ ቴርሆ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። አመልካች ጣቱና የመሃሉ ጣት ከሥራቸው የሉም። «ይቺም አቧራ ናት?»

ሲርፓ «ቴርሆ» አለች በቀስታ።

«አይ፣ ይስማ። የድሮውም እጅ ጠባቂ የሱ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው። መጋቢት ነበር፤ ከቡና ስንመለስ። በሩ ተከፍቷል፤ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ናት። ስለቱ ይቆማል ብዬ ስብርባሪ ላነሣ እጄን ሰደድኩ። ከዚያ የሱ ሰዎች መጥተው በሩን ዘግተው ፈተሹት፤ ይሠራል። ‹ሠራተኛው በቸልተኝነት ጠባቂውን ሳያጠፋው አልቀረም› ብለው ጻፉ። አላጠፋሁም ብል ማን ይሰማኛል? ሚስቴ እንኳ እስከ ዛሬ ‹እስቲ እውነቱን ንገረኝ› ትለኛለች።»

ሂልካ የመቁረጫውን ጠርዝ ያዘች። ፀሐይ ስለቱ ድረስ የምትገባው የት አገር ነው ስትል የኖረችው አገር እዚሁ ነው።

ያርኮ ግን ነፍሱ ተመለሰችለት። ለንግግር እሱን ማን ይችለዋል። «ቴርሆ፣ እውነትህን ከሆነ እጅግ አዝናለሁ» አለ። «ግን ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። በዚህ ሙያ ውስጥ አንድም ሰው አያውቀውም። ፀሐይ ያመጣችው ነገር ነው፤ አሁን አወቅን፤ እናስተካክላለን።»

ሲርፓ በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ማንም ሊያውቅ የማይችለው ነገር የማንም ጥፋት አይሆንም። ሂልካ እዚያው ቆማ ሁለት መንገድ ታያት። ዝም ብትል ጉድለቱን ዛሬ ያገኘች ጎበዝ መርማሪ ትባላለች። ሲርፓ ታመሰግናታለች፤ ቴርሆም ጤነኛ እጁን ዘርግቶ ይጨብጣታል፤ ያርኮ ግን እንደ ልማዱ ጥርሱን ገልጦ ይወጣል። ደብተሩን ካወጣችው ያርኮ ያልቅለታል። እሷም አብራው ታልቃለች፤ ምክንያቱም ደብተሩ ላይ ቀን አለ።

ዝም ብትል ይቀላት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር እላለሁ። እሷ ግን ያርኮ ትከሻውን ሲያሳርፍ አየች፤ «አሁን አወቅን» ሲል የተጠቀመባት ያቺን «አወቅን» ልታልፍለት አልቻለችም። አስራ አንድ ዓመት የቋጠረችውን ሁለተኛ ሊሰርቃት አይችልም። ደብተሩን አወጣችና የቴርሆ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ሰው ያውቀው ነበር» አለች። «አንብበው።»

ያርኮ ጽሕፈቱን ገና ከሩቅ ለየው። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ባልዲውን አነበበ፤ ከንፈሩ እንደ ሕፃን እየተንቀሳቀሰ እስከ ታች ወረደ። ፊቱ ደም ሸሸው።

«የባልዲው ነገር የኔ ነው» አለች ሂልካ። ድምፅዋ ፋብሪካው ውስጥ ተሰማ። «ሰኞ በቡና ሰዓት ነገርኩት፤ በራሱ ስም አቀረበው፤ እኔን አባረረኝ። ግማሹን ነበር የሰረቀው። ሌላውን ግማሽ ሊሰርቀኝ ስላልደረሰ እሱን ሳያውቅ እስከ ዛሬ ሸጠ። ንገራቸው ያርኮ። የማን ነው?»

ያርኮ ከደብተሩ ቀና አለ። ሲርፓ ትኩር ብላ ስታየው «የሷ ነው» አለ።

ጣፋጭ ነበር። መዋሸት አያስፈልግም፤ አስራ አንድ ዓመት የተጠበቀ ነገር እንዲህ ይጣፍጣል ብላ ራሷም አልጠረጠረችም። ጣዕሙ የቆየው ግን ቴርሆ ጠረጴዛውን ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። ቴርሆ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን መስመር በቀሪዎቹ ሦስት ጣቶቹ እየተከተለ አነበበ። ከላይ ጥግ ላይ የተጻፈው ቀን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ያንቺ ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቆይ፣ ልቁጠር። ይሄ አስራ አንድ ዓመት። የኔ ጣቶች ሦስት ዓመት። ስምንት ዓመት ቀድመሽ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ሰረቀኝ» አለች ሂልካ።

«ሰማሁ። ሌባ ነው፤ ራሱም አለው።» ቴርሆ ያርኮን ዞሮ እንኳ አላየውም። ድምፁም አልጨመረም። «እኔስ ምን አድርጌሽ ነበር?»

ሂልካ ለያርኮ የምትለው አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሰናድቶ የኖረ ንግግር ነበራት፤ ለዚህ ሰው ግን አንድ ቃል አላዘጋጀችም። ሠራተኞቹ ከበው ቆመዋል። አንዱ ሄዶ ማሽኑን አጠፋው።

ሲርፓ ምንም ማድረግ ሲያቅታት የምታደርገውን አደረገች፤ ከቢሮዋ ቅጽ ይዛ መጣች። «ለሥራ ደኅንነት ቢሮ ዛሬውኑ ማሳወቅ አለብኝ» አለች። «አስራ ሁለቱም ይቁሙ። የሌሎቹም ፋብሪካዎች ይቁሙ።» ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ መሙላት ጀመረች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። «ጉድለቱን መጀመሪያ ያወቀው ሰው ስም ይላል።»

ያርኮ ወለሉን ያያል።

«የሷን ጻፊ» አለ ቴርሆ። «የኔ ነው አላለችም እንዴ? ከነቀኑ ጻፊላት። ስሟንም በትክክል ጻፊው፤ እንዳይሳሳትባት።»

ሲርፓ ቀና ብላ የቤተሰብ ስሟን ጠየቀቻት። ሂልካ ነገረቻት፤ ድምፅዋ ስላልተሰማ ግን ሁለተኛ መናገር ነበረባት።